የ«ዚ ኤምፐረር ኦቭ ኦል ማላዲስ» ምርጡ ምዕራፍ እና የጎደለው ጥያቄ

ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ የሚሠራው የካንሰር ሐኪም ሲድሃርታ ሙከርጂ የካንሰርን ታሪክ የጻፈበት ይህ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። እኔ ደጋግሜ የማነበው፣ በሰውነት የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች በከባድ ኬሞቴራፒ ለማዳን የተሞከረበትን ዘመን የሚተርከውን ክፍል ነው።

ሐኪሞቹ እንዲህ አሰቡ፦ የመድኃኒቱ መጠን ሲጨምር ካንሰሩ ይበልጥ ይሞታል፤ ደም የሚያመርተው መቅኔም አብሮ ይጠፋል። እንግዲያው የታማሚዋን መቅኔ አስቀድሞ ቀድቶ በበረዶ ማቆየት፣ ለሞት የሚያደርስ መጠን መስጠት፣ ከዚያ መቅኔውን መመለስ። ካሊፎርኒያዊቷ ኔሊን ፎክስ የጤና መድኗ ወጪውን አልሸፍንም ሲላት ከሰው በተዋጣ ገንዘብ ታከመች፤ በ1993 አረፈች። ጠበቃ ወንድሟ ክሱን ይዞ ቀጠለ፤ ችሎቱም መድን ድርጅቱ 89 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ሌሎች ድርጅቶችም ፈርተው መክፈል ጀመሩ። ሕክምናው በገንዘብ ከተገኘ ደግሞ፣ በዕጣ ተመድባ የተለመደውን መጠን ልትወስድ የምትፈቅድ ሴት ከየት ትምጣ? ማነጻጸሪያ ጥናቱ ሰው አጣ። የሙከርጂ ብዕር የሰላው እዚህ ነው፤ ለመኖር የታገሉትን ሴቶች ሳይወቅስ ጥድፊያው እውነቱን እንዴት እንዳዘገየው ያሳያል።

በ1999 አትላንታ ላይ የሕክምናው ጥናቶች ውጤቶች ሲቀርቡ ጎላ ያለ ጥቅም አገኘሁ ያለው ደቡብ አፍሪካዊው ቬርነር ቤዝዎዳ ነበር። በማግስቱ ዓመት ጆሃንስበርግ የሄዱ መርማሪዎች ሰነዱን ሲያገላብጡ ጉዱ ወጣ፤ ራሱም ሐቀኝነት ማጉደሉን አመነ። በዚያው በ2000 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነገሩን ዘጋው፦ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት መቅኔ ከተመለሰላቸው 32 በመቶ፣ የተለመደውን ኬሞቴራፒ ከወሰዱት 38 በመቶ። ያ ሁሉ ስቃይ አንድም ዕድሜ አልጨመረም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እነዚያ 38 በመቶ ሴቶች ጋ ነው። ደራሲው ወደ ቀጣዩ ግኝት፣ ወደ ሄርሴፕቲን ይቸኩላል። ሄርሴፕቲን በእርግጥም ታላቅ መድኃኒት ነው፤ በ2001 በታተመው ጥናት ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ አማካይ ዕድሜን ከ20.3 ወደ 25.1 ወር አድርሷል። የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ኬሞቴራፒ የምትወስደው ግን ባብዛኛው ዕድሜ ለማራዘምና ሕመም ለማስታገስ ነው። የተገኙት ወራት በትውከትና በአልጋ አለፉ ወይስ ከልጆች ጋር? ስድስት መቶ ገጽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ለዚህ የሰጠው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። የማስታገሻ ሕክምና በጥቂት ገጾች ይታለፋል።

በአገራችን ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ ይህ ክፍተት ለእኛ ቀላል አይደለም። መጽሐፉን አንብቡት፤ እናት ወይም እኅት ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ግን እሱ ያሳለፈውን ጠይቁ፦ ይህ መድኃኒት ምን ያህል ጊዜ ይጨምርላታል? ያንን ጊዜስ እንዴት ሆና ታሳልፈዋለች?