የሥራ ቦታ ክብርና የአለቆች ሥልጠና

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሥራው ሂደት ለሠራተኛው ሥነ ልቡናዊ ጠንቅ እንዳይሆን አሠሪውን ያስገድዳል። ይሁንና አዋጁ ለይቶ የተረጐመው ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ነው፤ ስድብ፣ ማንቋሸሽና ማግለል ትርጓሜ አልተሰጣቸውም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 190 ግን ሥነ ልቡናዊ ጉዳትን ያካትታል፤ ተለማማጆችንም ይጠብቃል።

እንግዲህ ሥልጠና አንቀጽ በማንበብ ብቻ ከተወሰነ ከደጋን ወጥታ በኮምቦልቻ ፋብሪካ ለተቀጠረች ወጣት የሚፈይደው ጥቂት ነው። ለእርስዋ ትዕግሥትን ማስተማርም ሸክሙን በተበዳይ ላይ መጫን ነው። አስቀድሞ መሠልጠን የሚገባው የቅርብ አለቃዋ ነው፤ ሳያዋርድ ማረምን፣ አቤቱታንም ሳይበቀል መቀበልን በተግባር ይለማመድ። የሥልጠናው ፍሬ የሚመዘነው በተሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት ሳይሆን ሠራተኛዋ በደልዋን ያለ ፍርሃት መናገር በመቻልዋ ነው።