አብሾና የቤተ ሙከራ አይጥ

ስለ ቀድሞ የአብነት ተማሪዎች ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ የአብሾ ታሪክ ነው። ተማሪው ቀለም አልገባው ይላል፤ አንድ አዋቂ በጥብጦ ያጠጣዋል፤ ተማሪው ራሱን ስቶ ይሰነብትና ሲነቃ የሰማውን የማይረሳ ሊቅ ይሆናል። በጎጃም ወይም በጎንደር ያደገ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ዛሬም በፈተና ሰሞን «አእምሮ የሚከፍት ነገር የለም ወይ?» የሚሉ ተማሪዎች ስላሉ ታሪኩን እንደ አንድ ድርሰት ልንመረምረው ወደድን።

ለአብሾ ይውላሉ ከሚባሉት ዕፀዋት ዋነኛው አስተናግር፣ በሌላ ስሙ ዕፀ ፋሪስ ነው። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ስኮፖላሚን በቤተ ሙከራ የታወቀ ነው፤ የታወቀው ግን በማስረሳቱ ነው። ተመራማሪዎች አይጥን ገንዳ ውስጥ ከተው ከውሃው ሥር የተሰወረ መቆሚያ ያስፈልጓታል። ጤነኛዋ አይጥ ከቀን ወደ ቀን ፈጥና ታገኘዋለች፤ ስኮፖላሚን የተወጋችው ግን ስትዞር ትቆያለች። ምክንያቱም ንጥረ ነገሩ አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ በአንጎል ውስጥ እንዳይሠራ ያግደዋል። ማስታወስን ያግዛሉ የሚባሉ እንደ ፊዞስቲግሚንና ዶኔፔዚል ያሉ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ የሚፈተኑትም እንዲህ በደነዘዘች አይጥ ላይ ነው። እንግዲህ በታሪኩ መድኃኒት የተባለው በቤተ ሙከራ ሕመሙ ሆኖ ተገኘ።

ከመድኃኒቶቹም ቢሆን ብዙ መጠበቅ አይገባም። የደነዘዘችን አይጥ ወደ ነበረችበት መመለስ ጤነኛዋን ሊቅ ማድረግ አይደለም። መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ያው መድኃኒት ትምህርቷን ያውካል።

የታሪኩ ትልቁ ጉድለት ግን የሰው ድካም መስረቁ ነው። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ እየበላ፣ ቀን የተቀበለውን ሌሊት በቃሉ እየከለሰ፣ በብዙ ዓመት ያገኘውን ዕውቀት ለአንድ ዋንጫ ይሰጥበታል። ሰነፉንም «እኔ አብሾ አልጠጣሁም» የሚል ሰበብ ያቀብለዋል። አምኖ የሚቀምሰው ልጅ ደግሞ ልቡ ይሮጣል፣ ይቃዣል፣ ሊሞትም ይችላል።

ሕዝቡ ራሱ «አብሾ አለበት» ሲል ሊቁን ማመስገኑ አይደለም፤ መጠጥ ሲቀምስ የሚያብደውን ሰው መፍራቱ ነው። አነጋገሩ ከታሪኩ ይልቅ ለእውነቱ ቀርቧል።

ስለዚህ ታሪኩን በክፍል እንንገረው እንጂ አንደብቀው። ከነገርን በኋላ ግን ያ ተማሪ ስንት ዓመት እንደ ተማረና ስንት ሌሊት እንደ ከለሰ እንጠይቅ።