ቃል አልባ ተቃውሞ

እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ፒተር ማክስዌል ዴቪስ ናክሶስ ለተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2007 ድረስ ዐሥር ስትሪንግ ኳርቴቶች ጽፏል፤ ሁሉንም ተጫውቶ ያስቀረጸው ማጂኒ ኳርቴት ነው። ኢራቅ በተወረረችበት በ2003 የተጻፈው ሦስተኛው ድርሰት አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል፦ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ያለ አንዳች ቃል መንግሥትን ሊቃወሙ ይችላሉን?

ደራሲው የተጠቀመበት ብልሃት ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ማርች» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ የወታደር ሰልፍ ጉዞንም፣ ወረራው የተጀመረበትን ወርም ይጠራል። ሁለተኛው ክፍል «ኢን ኖሚኔ» የተባለውን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የሙዚቃ ስልት ይዞ ይነሣል። የላቲኑ ትርጉም «በስም» ማለት ነው። በዚያው ዓመት የለንደን ሰልፈኞች «በስሜ አይደለም» ይሉ እንደ ነበር ለሚያስታውስ አድማጭ ወርቁ አይሰወርም።

እርግጥ ነው፣ ርእሱን ያላየ ሰው ባግዳድን ከድምፁ ብቻ ሊያገኝ አይችልም። ይህን ግን እንደ ጉድለት አላየውም። መፈክር ከወቅቱ ጋር ያልፋል፤ ዴቪስ ቁጣውን በሥርዓት ስለ ገራው ድርሰቱ ዛሬም ይደመጣል። ማጂኒዎችም ቁጣውን በጩኸት አላባከኑትም።

በ2004 ቤተ መንግሥቱ ይህንኑ ደራሲ የንግሥቲቱ ሙዚቃ አለቃ አድርጎ ሾመው። ትዕግሥት ነው ወይስ ቃል የሌለው ተቃውሞ ማንንም ስለማያሰጋ? በበኩሌ ሁለቱም ይመስለኛል፤ ደራሲ በጻፈው ምክንያት በሚሰደድበት አገር ላደገ አንባቢም ልዩነቱ ቀላል አይደለም።