መቀሱና መንገዱ፦ ወሎን የቀረጹ ካሜራዎችና የፊልም ሀሁ

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የእንቁጣጣሽ ቄጠማ ገና ከየቤቱ ሳይጠረግ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ድረስ መጥቶ ያዘጋጀው፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ የታየው «ያልታወቀው ረሃብ» ነበር። አዲስ አበባ ያየችው ግን እንደተሠራው አልነበረም። በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎች ተሰክተውበታል። በማግስቱ ወታደራዊው ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አወረደ።

የፖለቲካ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ምሽት ብዙ ጽፈዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን የዕለቱ መሣሪያ ነው፤ መቀስና ማጣበቂያ። ስለ ፊልም ቅንብር ሲነገር ምሳሌው ዘወትር የሚመጣው ከሞስኮ ነው። የፊልም ሠሪው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አጣበቀው። ተመልካቹ በፊቱ ላይ ረሃብን፣ ኀዘንን፣ ምኞትን አነበበ ይባላል፤ ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ሌላው የሩሲያ ፊልም ሠሪ አይዘንስታይን ደግሞ በ1925 እ.ኤ.አ. በሠራው «አድማ» የሠራተኞችን ጭፍጨፋ ከበሬ እርድ ጋር አፈራረቀው። ለወልድያ ወይም ለመርሳ ወጣት ይህን ለማስረዳት ሩሲያ መሄድ አያስፈልግም። ምሳሌው በገዛ አያቶቹ ፊት ላይ ተሠርቷል።

ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው የማይሰማ ማያያዣ ቃል አለ። የቅንብር ጥበብ ይህን ቃል መምረጥ ነው። በዲምብልቢ ቅጂ ከአንዱ ረሃብተኛ ወደ ሌላው ስንሻገር ቃሉ «ደግሞም» ነበር፤ በደርግ ቅጂ «እንዲህ ሆኖ ሳለ» ሆነ። ግብዣውና ረሃቡ በአንድ ቀን አልተቀረጹም፣ በአንድ ቦታም አልነበሩም። ቁርጡ ግን ቀኑንም ቦታውንም አጥፍቶ ሁለቱን በአንድ ገበታ አስቀመጣቸው። ይህ ውሸት ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ረሃቡ መደበቁ እውነት ነውና። የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። የወሎ ገበሬ በዚያ ቅንብር ውስጥ የራሱ ታሪክ ያለው ሰው መሆኑ ቀርቶ፣ ሌላውን የሚከስ ማስረጃ ብቻ ሆነ። የቴሌቪዥኑ ሥርጭትም በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባና አካባቢዋ ብዙም የራቀ ስላልነበር፣ ፊታቸው መንግሥት የጣለ ሰዎች ፊልሙን አላዩትም።

ቅንብሩ ግን የሚሠራው ካሜራው ባመጣለት ነው፤ ካሜራው ደግሞ በመኪና ነው የሚመጣው። ከደሴ ተነሥቶ በመርሳና በሲሪንቃ አልፎ ወልድያ የሚገባው፣ ከዚያም በቆቦና በአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣው አውራ ጎዳና የረሃቡ መንገድ ነበር፤ የፊልሙም መንገድ እርሱ ሆነ። የተራበው ሰው እህል በጭነት መኪና ይመጣል ብሎ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ካሜራውም እዚያው አገኘው። ስለዚህ ዓለም የሚያውቀው የወሎ ገበሬ ቤቱን ትቶ፣ በሬውን ሸጦ ወይም ቀብሮ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ጥሎ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ነው። በፊልም ቋንቋ አንድን ታሪክ ስንከፍት መጀመሪያ ቦታውን ከሩቅ እናሳያለን፤ ሰውየው የት እንደሚኖር፣ በምን እንደሚተዳደር ተመልካቹ ይወቅ ብለን ነው። የወሎ ፊልም ይህ የመክፈቻ ቀረጻ ይጎድለዋል። ከሀብሩ ቆላ፣ ወደ አፋር ከሚያዘነብለው ማሽላ መካከል፣ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ቢቀድም ኖሮ፣ ኋላ የሚመጣው ባዶ እጅ ምን እንደተነጠቀ ራሱ ይናገር ነበር።

የብርሃኑ ነገር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በዚህ አገር የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ስለምትወርድ የዓይን ጉድጓድ ጥላ ይሞላል። ጤነኛውም ሰው የከሳ ይመስላል። በዚያ ላይ ነጭ ጋቢ አለ። ካሜራው ለጋቢው ከተመጠነ ፊቱ ይጠቁራል፤ ለፊቱ ከተመጠነ ጋቢው ይነጣል። የዚያ ዘመን የቀለም ፊልም ለነጭ ቆዳ ተለክቶ የተሠራ ስለነበር ችግሩ ይብሳል። ምርጫው ለእኔ ግልጽ ነው፦ ጋቢው ይንጣ፣ ፊቱ ይታይ።

ከፍታም እንዲሁ። ቆሞ የሚቀርጽ ባለሙያ መሬት የተቀመጠን ሰው ከላይ ወደ ታች ያየዋል፤ ሳያስበውም ያሳንሰዋል። ተንበርክኮ ሌንሱን ከዓይኑ ጋር ማስተካከል አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ኋላ በመጣው ሌላ ረሃብ ጊዜ፣ የኬንያው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል በርክ ጋር ሆኖ በኮረም የቀረጸው፣ በቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የታየው ዘገባ በጎህ ብርሃን ይከፈታል። የንጋት ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ ፊትን አትጎዳም፤ ካሜራውም በሜዳው ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር የሕዝቡ ብዛት ማለቂያ ያጣል። የመከራውን ስፋት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነበር ብዬ አላምንም። ዳሩ ግን ዝግተኛ ዙረት አንዱንም ሰው አይጠብቅም፤ ሁሉንም ያልፋል።

የሚጠብቅ ካሜራ ለማየት ወደ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ መሄድ አለብን። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው አፄ ኃይለ ሥላሴ በወረዱበት በለውጡ ዘመን፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይረዝማል። 400 ጫማ የሚሆን የ16 ሚሊሜትር ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። ፊልም እንዲህ ውድ በሆነበት ጊዜ አንድን ገበሬ ከማሳው ጫፍ እስኪደርስ ድረስ ሳይቆርጡ ማየት ትልቅ ውሳኔ ነው። ሲያርስ፣ ሲደክም፣ ሲመለስ እናየዋለን። የድካሙን ልክ የሚነግረን ተራኪ ሳይሆን የቀረጻው ርዝመት ነው። የሚናገረውም በአማርኛ፣ በራሱ አፍ ነው። በውጭ ዘገባ የተለመደው አሠራር የባለጉዳዩን ድምፅ ጥቂት አሰምቶ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ የተርጓሚው ድምፅ ይነግሣል።

ዛሬ በወልድያና በመርሳ ሠርግ የሚቀርጹ ወጣቶች እጅ ያለው ካሜራ በስንት ጫማ ፊልም አይወሰንም። ሠርግ ቀራጺ ደግሞ ከሙሽራዋ ቤት መጀመርን ያውቅበታል፦ ጓዳው፣ እናቲቱ፣ ደጃፉ፣ ከዚያ መንገዱ። ያን ቅደም ተከተል ይዞ አንዱ ወጣት ሀብሩ ይውረድ፤ በረሃቡ ዘመን ወደ አስፋልቱ የወረዱ አዛውንት ካገኘ፣ ትሪፖዱን ከመንገዱ ዳር ሳይሆን ከጎተራቸው ፊት ያቁም፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አያድርግ።