ባለቤቱ ማን ነው? የአሜሪካ የካውንቲ ጋብቻ መዛግብትና የአፋልጉኝ ማስታወቂያዎች ምስክርነት

በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል ሁለት ሰው ይጠራል። «ባለቤቴ» ያለች ሴት ስለ ባሏ ነው የምታወራው፤ «የመሬቱ ባለቤት» ሲባል ደግሞ ንብረቱ የእርሱ የሆነውን ሰው እንረዳለን። ዐውዱ ስለሚለያቸው በዕለት ተዕለት ንግግር ማንም አይደናገርም። በቨርጂኒያ ካውንቲዎች በ1866 የተዘጋጀውን፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ባልና ሚስቶችን መዝገብ ወደ አማርኛ ለመመለስ የተቀመጠ ሰው ግን አንድ መስመር እንኳ ሳይጨርስ ይደናገራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። መዝገቡ የባልን ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ መኖሪያና ሥራ ይጠይቅና ወዲያው «የመጨረሻ ባለቤቱ» ማን እንደነበረና የት እንደሚኖር ይጠይቃል። ለሚስትም እንዲሁ። ከዚያ የልጆች ስምና ዕድሜ፣ በመጨረሻም ሁለቱ አብረው መኖር የጀመሩበት ጊዜ ይሰፍራል። ሁለቱ የባለቤት ትርጉሞች በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

የቤተሰቡን ታሪክ ማጥናት ለጀመረ አሜሪካዊ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ቀላል ነው፤ ከካውንቲው ፍርድ ቤት የጋብቻውን መዝገብ አስወጣ፣ ከአካባቢው ጋዜጣ የሠርጉን ወይም የቀብሩን ዜና ፈልግ፣ ሁለቱ ከተስማሙ እመን። ምክሩ መዝገብንና ጋዜጣን በአንድ ነገር ላይ ቆመው እንደሚመሰክሩ ሁለት እማኞች ይቆጥራቸዋል። እኔ ይህን አልቀበልም። መዝገቡ የተከፈተው ንብረትንና ወራሽን ለመለየት ነው፤ ጋዜጣው የታተመው ገዢ ለማግኘት ነው። የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ መልሳቸው ቢገጥም እንኳ ስለ አንድ ነገር ተናገሩ ማለት አይቻልም። ለተመራማሪው ይበልጥ የሚጠቅመው አንዱ ሌላው ያልጠየቀውን የጠየቀበት ቦታ ነው። በባርነት ውስጥ ያለፉ ቤተሰቦች ታሪክ ላይ ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ይጨመራል፤ ሁለቱም ምንጮች ቤተሰቡን የሚለዩት በጌታው ስም ነው።

በመጀመሪያ ስለ መዝገቡ። ካውንቲ የራሱ ሸሪፍ፣ ፍርድ ቤትና መዝገብ ቤት ያለው የአስተዳደር እርከን ነው። በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል የቆዩት የጋብቻ ሰነዶች በአብዛኛው የዋስትና ውሎች ናቸው፤ በሰሜን ካሮላይና ይህ አሠራር እስከ 1868 ቆይቷል። ሙሽራው ከአንድ ዋስ ጋር ቀርቦ ጋብቻውን የሚከለክል ሕጋዊ ምክንያት ከተገኘ ይህን ያህል ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ ውሉ መኖሩ ሠርጉ መፈጸሙን አያረጋግጥም፤ የውሉ ቀንም የሠርጉ ቀን አይደለም። ስንት የቤተሰብ መጽሐፍ በዚህ ስሕተት ተጽፏል! የውሉ ትልቁ ሀብት ያለው ከታች፣ ከዋሱ ፊርማ ላይ ነው። ዋሱ ብዙ ጊዜ የሙሽሪት አባት ወይም ወንድም ስለሚሆን፣ የሴቲቱ ወላጅ ስም በየትም ባልተጻፈበት ዘመን ወደ እናት ወገን የሚያስገባው በር እርሱ ነው። አያቱና ቅድመ አያቱ በሰማንያ ውልና በዋስ የተጋቡ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ቨርጂኒያ በ1853 ልደትን፣ ሞትንና ጋብቻን በወጥነት ማስመዝገብ ስትጀምር የጋብቻው ቅጽ ዕድሜን፣ የትውልድ ቦታን፣ ከዚህ ቀደም አግብቶ ማወቅ አለማወቅንና የወላጆችን ስም ያካተተ ሆነ። የወላጆች ስም አምድ በተለይ ከባርነት ለወጡ ሰዎች ዘሮች እንደ ወርቅ ነው። የ1850 እና የ1860 የሕዝብ ቆጠራዎች ባሪያዎችን የመዘገቡት በጌታው ስም ሥር ሲሆን ስለ እያንዳንዱ በዋናነት የጻፉት ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ነበር፤ ስም ከሞላ ጎደል የለም። ሁሉም በየስሙ የተቆጠረው በ1870 ነው። በዚያ ዓመት አካባቢ ሕጋዊ ጋብቻ የፈጸመ የአርባ ዓመት ጎልማሳ የእናቱን ስም ለጸሐፊው ሲናገር፣ ቆጠራው የዘጋውን በር በአንድ ቃል ከፈተው ማለት ነው።

መዝገብ ይቃጠላል፤ ይህን በአጭሩ እንለፈው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በርካታ የቨርጂኒያ ካውንቲዎች ለደኅንነት ብለው ወደ ሪችመንድ የላኳቸው ሰነዶች ከተማዋ በሚያዝያ 1865 መጀመሪያ ስትነድ አብረው ነደዱ። የ1890ው ሕዝብ ቆጠራ ደግሞ በጥር 1921 ዋሽንግተን ውስጥ በደረሰ ቃጠሎ አብዛኛው ወደመ ወይም ተጎዳ። ያልተቃጠለውም በታሰበበት ቦታ ላይገኝ ይችላል። ደላዌር በ1913 ተጋቢዎች የተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቁ ስታስገድድ፣ ድንበሩን ተሻግራ ያለችው የሜሪላንዷ ኤልክተን ከተማ የችኩል ሙሽሮች መናኸሪያ ሆነች፤ ሜሪላንድም በ1938 የ48 ሰዓት መጠበቂያ እስክታወጣ ድረስ ከፔንሲልቬኒያና ከኒው ጀርሲ የመጡ ጥንዶች ሰነዳቸውን በማያውቁት ካውንቲ ትተው ተመልሰዋል።

አሁን ወደ 1866 እንመለስ። የባሪያዎች ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ አልነበረም፤ ጌታው ሲሸጥ ወይም ሲሞት ሊፈርስ ይችል ነበር። ቨርጂኒያ በየካቲት 27፣ 1866 ባወጣችው ሕግ በዚያ ቀን እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትን ሁሉ ያለ ምንም ሥርዓት ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውንም ሕጋዊ ልጆች አለቻቸው። ፍሪድመንስ ቢሮ የተባለው፣ በ1865 ነጻ የወጡትን ለመርዳት የተቋቋመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በየካውንቲው መዘገባቸው፤ ለእኛ የተረፉት የጥቂት ካውንቲዎች መዛግብት ናቸው። የሰሜን ካሮላይና ሕግ ደግሞ ጥንዶቹ ራሳቸው በካውንቲው ጸሐፊ ወይም በሰላም ዳኛ ፊት ቀርበው አብሮ መኖራቸውንና የጀመሩበትን ጊዜ እንዲያስመዘግቡ አዘዘ። ክፍያው 25 ሳንቲም ነበር።

ይህን ምዝገባ እንደ ንጹሕ የነጻነት በረከት የሚያዩ አሉ። እንደ ቴራ ሀንተርና ካትሪን ፍራንኪ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ሌላውን ፊት አሳይተዋል። ግዛቶቹ የልጆቹን ቀለብ በአዲሶቹ ባሎች ላይ ለመጣል ይፈልጉ ነበር፤ በመሸጥ ምክንያት ሁለት ትዳር የነበረውን ሰው አንዱን እንዲመርጥ አስገደዱት፤ ያልመረጠውን በዝሙትና በድርብ ጋብቻ ከሰሱት። ክርክራቸው ያሳምነኛል። ቢሆንም አንድ አምድ ከዚህ ያመልጣል፤ አብሮ መኖር የተጀመረበት ጊዜ። ስም፣ ዕድሜና ጌታ ከጌታው ወረቀትም ሊገኙ ይችሉ ነበር፤ ትዳሩ የተጀመረበትን ጊዜ የሚያውቁት ግን ባለትዳሮቹ ናቸው። ጸሐፊው «ሃያ ሁለት ዓመት» ብሎ ሲጽፍ፣ ያ ግዛት እስከዚያ ድረስ ትዳር አይደለም ሲል የኖረውን ነገር በራሱ መዝገብ ላይ ትዳር ብሎ አሰፈረ። የመዝገቡን ሕጋዊ ዓላማ ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አምድ ዘሎት ያልፋል።

መዝገቡ የማይዘው አንድ ነገር አለ፤ የሌለውን ሰው። የሚጻፈው በዚያ ቀን በዚያ ካውንቲ ቀርቦ ስሙን የተናገረው ነው። ወደ ቴክሳስ የተሸጠችው የመጀመሪያዋ ሚስት፣ በጨረታ የተለየው ወንድም፣ በእነርሱ ስም የተሰመረ መስመር የለም። እነርሱን የምናገኘው ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያውም በየትኛውም ጋዜጣ አይደለም። የካውንቲው የነጮች ጋዜጣ የጥቁሮችን ሠርግ አብዛኛውን ጊዜ አይዘግብም፤ የነጮቹን ሲዘግብም ሴቲቱን በባሏ ስም ሸፍኖ ወይዘሮ እገሌ ብሎ ያልፋታል። የሚጠቅመን የጥቁር አብያተ ክርስቲያናትና ነጻ የወጡ ሰዎች ጋዜጦች ላይ የወጣው እኛ «አፋልጉኝ» የምንለው ዓይነት ማስታወቂያ ነው።

ከእነዚህ ጋዜጦች መካከል በኒው ኦርሊንስ ይታተም የነበረው ሳውዝዌስተርን ክርስቲያን አድቮኬት «የጠፉ ወዳጆች» የሚል ዓምድ ነበረው። የጋዜጣው ደንበኞች በነጻ፣ ሌሎች በ50 ሳንቲም ያስወጡ ነበር፤ ካህናቱም ማስታወቂያዎቹን ከመድረክ ላይ ለምእመናን እንዲያነቡ ጋዜጣው ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። ማንበብ በተከለከለ ሕዝብ መካከል ጋዜጣ የሚደመጥ ነገር ሆነ፤ አንድ ቅጂ አንድ ጉባኤ ሙሉ ይሰማዋል። ከኅዳር 1879 እስከ ታኅሣሥ 1900 ከወጡት ማስታወቂያዎች ከ2,500 በላይ የሚሆኑት ዛሬ በኒው ኦርሊንስ የታሪክ ስብስብ ተቋም ተለቅመው ለሕዝብ ክፍት ሆነዋል።

ማስታወቂያዎቹ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። ጸሐፊው እናቴን ወይም እኅቴን እፈልጋለሁ ይልና ስሟን ይጠራል፤ ወዲያው የእገሌ ንብረት ነበርን፣ እርሱ ሲሞት ለልጁ ለእገሌ ተከፋፈልን፣ ከዚያ እገሌ የተባለ ነጋዴ ገዝቶኝ ወደዚህ አመጣኝ እያለ የጌቶችን ሰንሰለት ይዘረዝራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በነጻነት ማግስት ብዙዎች አዲስ ስም አውጥተዋል፤ በልጅነቷ የተሸጠች እኅት አሁን በምን ስም እንደምትጠራ ወንድሟ ሊያውቅ አይችልም። እርሷም ወንድሟም አይረሱትም ተብሎ የሚታመነው አንድ ስም የጌታው ስም ነበር። ስለዚህ ያ ስም እንደ አድራሻ አገለገለ። የመዝገቡ ሹም «የመጨረሻ ባለቤት» ብሎ የጠየቀው በመንግሥት ፊት ሰውየውን ለመለየት ሲሆን፣ ማስታወቂያ አስነጋሪዋ ያንኑ ስም የምትጠራው እናቷን ለማግኘት ነው። የስሙ ትርጉም በሁለቱ ወረቀቶች ላይ አንድ አይደለም፤ ሁለቱን «ተስማሙ» ብሎ የሚያልፍ ተመራማሪ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

ምንጮችን ማስማማት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሁሉ ጎልቶ የታየው በአሜሪካዊው ደራሲ በአሌክስ ሄሊ «ሩትስ» ላይ ነው። መጽሐፉ በ1976 ሲወጣ ትልቁ መረጃው የጋዜጣ ማስታወቂያ ነበር፤ ሎርድ ሊጎኒየር የተባለች መርከብ በመስከረም 1767 መጨረሻ ከጋምቢያ ባሪያዎችን ጭና አናፖሊስ መግባቷን የሜሪላንድ ጋዜት አውጆ ነበር። ሄሊ ይህን ዜና ከቤተሰቡ ትረካና በጋምቢያ ከሰማው ቃል ጋር አገጣጠመውና ከአያቶቼ አንዱ በዚህች መርከብ መጣ አለ። በ1981 ተመራማሪዎቹ ጋሪ ሚልስና ኤሊዛቤት ሾውን ሚልስ የቨርጂኒያዋን የስፖትሲልቬኒያ ካውንቲ ሰነዶች ገልጠው፣ ሄሊ ያንን አያቱን ገዝተው ቶቢ ብለው ሰየሙት ባላቸው በዎለር ቤተሰብ ዘንድ ቶቢ የተባለ ባሪያ በ1762 ተጽፎ አገኙ፤ መርከቧ ከመምጣቷ አምስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ጋዜጣው አልዋሸም፤ መርከቧ መጥታለች። ነገር ግን የተጠየቀው የጭነት ሽያጭ እንጂ የአንድ ቤተሰብ ትውልድ አልነበረም። የሄሊን ሥራ እንደ ልብ ወለድ የሚያነቡት አሁንም አሉ፣ እኔም ከእነርሱ ነኝ፤ እንደ ትውልድ ሐረግ ግን መጽሐፉ በካውንቲው መዝገብ ፊት አልቆመም።

የዛሬው ተመራማሪ ይህን ሁሉ ከቤቱ ሳይወጣ ይፈልጋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን ከ2007 ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ ያቀርባል፤ የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የ1866ን መዛግብት በምስል አውጥቷል። ኮምፒውተር ግን ከደበዘዘ ገጽ ላይ ፊደል ሲለቅም ይሳሳታል፤ ማውጫዎቹም የተሠሩት በቤተሰብ ስም ነው። የጥቁር ቤተሰብ ዘር በራሱ የቤተሰብ ስም ፈልጎ ከ1870 ወዲያ ሲቆምበት፣ ትክክለኛው መንገድ የጌታውን ስም፣ የካውንቲውን ስምና የነጋዴውን ስም መፈለግ ነው። ምሬቱም ይኸው ነው፤ የቅድመ አያቱን ዱካ የሚያገኘው በሸጣት ሰው ኑዛዜ ውስጥ ነው።

በቤተሰብ ስም የሚሠራ ማውጫ እኛንም ይመለከታል። በቨርጂኒያዎቹ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ የተጋቡ ኢትዮጵያውያን በጋብቻ ፈቃዳቸው ላይ የአባታቸውን ስም «ላስት ኔም» አድርገው ሞልተዋል። በአባት ስም የመጠራት ልማዱ ከቀጠለ ልጃቸው ሌላ ስም ይዞ በዚያው ማውጫ ውስጥ ሌላ ቤተሰብ መስሎ ይቆማል። በዚያው ቅጽ ላይ የዘር ሳጥን መሙላት እስከ 2019 ግዴታ ነበር፤ ሳጥኑ የ1924ቱ የቨርጂኒያ የዘር ንጽሕና ሕግ ቅርስ ነው።

ፍለጋ ስንል ያልተሳካውንም መቁጠር አለብን፤ ከአፋልጉኝ ማስታወቂያዎቹ መካከል በመገናኘት መጠናቀቃቸው የሚታወቀው በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። ፍለጋቸው ካልተሳካላቸው አንዷ የጋዜጠኛዋ የአይዳ ቢ. ዌልስ እናት ነበረች። ዌልስ በ1862 በሚሲሲፒ፣ በሆሊ ስፕሪንግስ በባርነት ተወለደች። ወላጆቿ ጂምና ሊዚ በባርነት ዘመን የመሠረቱትን ትዳር ከጦርነቱ በኋላ በሕግ ዳግም ፈጽመውታል። ሊዚ በልጅነቷ ከቨርጂኒያ ከእኅቶቿ ጋር ተሽጣ የመጣች ነበረች፤ ነጻ ከወጣች በኋላ ወገኖቿን ለማግኘት ወደዚያ ደጋግማ ጽፋለች። ዌልስ በግለ ታሪኳ ይህን አስታውሳ፣ እናቷ ስለ ወገኖቿ ስትናገር በወቅቱ ቁም ነገሩን ለመረዳት ልጅ እንደነበረች በቁጭት ትናገራለች። ሊዚ በመስከረም 1878 በቢጫ ወባ ሞተች። ወገኖቿን አላገኘቻቸውም።