ግመሉ የማን ነው?

«አንገቱ ላይ ጂፒኤስ ብታስሩለትስ?»

ጥያቄው የመጣው ለሥራ ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ ከገባ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የተጠየቁት ደግሞ በግመል ገበያው ዳር ሻይ ይዘው የተቀመጡ ባዲ ፈላጊዎች ናቸው። ባዲ በዚያ አገር ከመንጋው ተነጥሎ የጠፋ ከብት ነው። አንድ አዛውንት ወጣቱን እስኪጨርስ አዳመጡትና «እሺ ልጄ፣ ያገኘው ሰውስ የማን መሆኑን በምን ያውቃል?» አሉት። ክርክሩ ገበያው እስኪበተን ዘለቀ። ጸሐፊው በጅግጅጋ ያደገና ከፈላጊዎች ጋር ብዙ የተጓዘ ነውና፣ ገና ከጅምሩ ከአዛውንቱ ወገን እንደቆመ አንባቢ ይወቅለት።

ከካራማራ ግርጌ እስከ ቶጎጫሌ፣ ከዚያም እስከ ሐውድ ግጦሽ ድረስ ግመል የሚታወቀው ቆዳው ላይ በእሳት በተተኮሰ ምልክት ነው። ሱማድ ይሉታል። ግመሉ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ሱማዱ ግን የጎሳው ነው። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው አይ. ኤም. ሉዊስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ሶማሌ አርብቶ አደሮች በሚያወሳው መጽሐፉ ይህንኑ መዝግቦታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወንድ ቢገደል በባህሉ ሕግ የሚከፈለውን መቶ ግመል የሚያዋጣው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ወገኑ ነው፤ ካሳው ሲመጣም የሚካፈለው ወገን ነው። ዕዳው የጋራ በሆነበት አገር ምልክቱም የጋራ ይሆናል። ባለቤቱ ለራሱ መለያ ጆሮ ላይ ትንሽ ቅዳጅ ሊጨምር ይችላል፤ አግኚው የሚፈልገው ግን መጀመሪያ ሱማዱን ነው። ባለቤቱን በስም ባያውቀው እንኳ ለየትኛው ወገን ሽማግሌ መልእክት እንደሚልክ ያውቃል።

አዲስ ገቢዎች ወዲያው የሚያጎነብሱት ዱካ ላይ ነው። እርግጥ ዱካ ብዙ ይናገራል። የፊት እግር መዳፍ ከኋላው ይሰፋል፤ የፊት እግሮቿ የታሰሩ ግመል አጭርና የተጎተተ እርምጃ ትተዋለች፤ ጤዛ የነካው ዱካና ከጤዛ በኋላ የተረገጠ ዱካ አይምታቱም፤ ነፍሳት በላዩ ከተመላለሱበት ደግሞ ሌሊት አልፎበታል። ይህን ሁሉ የአካባቢው እረኛ በልጅነቱ ያውቀዋል። ችግሩ ዱካ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጥለው የከረን ዝናብ አንድ ከሰዓት በኋላ ከዘነበ ምድሩ ባዶ ብራና ይሆናል። ያን ጊዜ ዱካ ብቻ የሚያውቅ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መጠየቅ የሚያውቀው ግን ሥራውን ይጀምራል።

ጸሐፊው ሙጭጭ ብሎ የሚሟገትለት ነጥብ ይህ ነው፦ የጠፋ ግመል የሚገኘው በአፍ ነው። ዱካ ረዳት ነው፤ ምልክት ማስረጃ ነው፤ የሚመልሰው ግን የሰው ወሬ ነው። ዳጉ የሚባለው የአፋሮች የወሬ ልውውጥ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው። የሶማሌ መንገደኛም እንዲሁ ዝናቡን፣ ሳሩንና ሰላሙን ሳይጠያየቅ አያልፍም። ባዲ ፈላጊ በዚህ ጨዋታ መሐል ነው ጥያቄውን የሚያስገባው፤ ችኩል ግን መጀመሪያ ይጠይቅና ወሬው ይነጥፍበታል። ጥያቄውም «ግመል አይታችኋል?» አይደለም። በዚያ አገር ግመል ያላየ ማን አለ? የሚጠየቀው ሱማዱ የት ላይ እንደነበር ነው፤ ጉንጭ ላይ፣ አንገት ላይ ወይስ ታፋ ላይ? ግራ ወይስ ቀኝ? ታልባለች ወይስ ነጥፋለች? የእንጨት ቃጭሏ ይሰማ ነበር? ፊቷ ወዴት ነበር?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። ግመል ዝም ብላ አትጠፋም። ግልገሏን የተነጠቀች ግመል ግልገሏን ወዳየችበት ትመለሳለች፤ ኮርማው በግለቱ ወራት የሌላ ሰው መንጋ ውስጥ ይገባል፤ የጠማት ቀድሞ ወደጠጣችበት ጉድጓድ ወይም ቢርካ ወደሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ታቀናለች። ስለዚህ ፈላጊው የግመሏን የሕይወት ታሪክ ሳይሰማ ከቤት መውጣት የለበትም። የት ተወለደች? ከማን ተገዛች? ባለፈው ድርቅ የት ከረመች?

አንዲት የምትታለብ ግመል ጠፍታ ፍለጋው ብዙ ሳምንት የወሰደበትን ጊዜ ጸሐፊው አይረሳም። ፍንጩ የተገኘው ከጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከቀብሪበያህ ወዲያ ብቻዋን ስትሄድ አይቷል። ከቢርካ ቢርካ እየተጠየቀ ሲኬድ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ተገኘች። የቤቱ አባወራ ግን «ውሰዱ» አላሉም። ፈላጊዎቹን ከግቢው ውጭ አስቀምጠው መጀመሪያ ሱማዷን በጣት አሸዋ ላይ እንዲሥሉ፣ ቀጥሎ ከሆዷ ሥር ያለውን ጠባሳ እንዲናገሩ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የአንገቷን ፀጉር በውሃ አርጥበው በመዳፋቸው አስተኙት። ያረጀው ምልክት ወለል ብሎ ታየ። ጥሩ አግኚ እንዲህ ነው፤ አንድ ምልክት ደብቆ ያስቀራል። ሌባ ሱማድ በሩቁ አይቶ ሊያጠና ይችላል፤ የሆድ ሥር ጠባሳ ግን የሚያውቀው ያለበ ሰው ብቻ ነው።

በእስልምናም ነገሩ መሠረት አለው። ነቢዩ መሐመድ ስለ ጠፋ ግመል ሲጠየቁ፣ እግሩም ውሃውም ከራሱ ጋር ነውና ባለቤቱ እስኪያገኘው ተዉት ማለታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የበግ ፍርድ ከዚህ ይለያል፤ በግ ብቻዋን ከቀረች ተኩላ ይበላታል። ባዲ ፈላጊ ተስፋ የማይቆርጠውም በዚሁ ነው። ግመል ብቻዋን ትኖራለች።

ወደ ጂፒኤሱ እንመለስ። ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ሌባ በአንድ ቢላ ይቆርጠዋል፤ እነዚህን ወጣቱም አልካደም። ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ጂፒኤስ ግመሉ የት እንዳለ ለባለቤቱ ብቻ ይነግረዋል፤ ሱማድ ግን የማን እንደሆነ ለመንገደኛ ሁሉ ይናገራል። አንዱ ባለቤቱን ብቻ ይረዳል፤ ሌላው ያየውን ሁሉ ኃላፊ ያደርገዋል። ስልክ ግን ይለያል። የሱማድ ፎቶና የድምፅ መልእክት ከጅግጅጋ ቶጎጫሌ በቅጽበት ይደርሳል፤ ይህ የአፍን ሥራ የሚያሰፋ ነውና ጸሐፊው በሁለት እጁ ይቀበለዋል።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ልፋት አለ። የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. የጂፒኤስን ምልክት ለሕዝብ እንዳጠራው በማግሥቱ አንድ ሰው በኦሪገን ጫካ ባልዲ ደብቆ መገኛውን በቁጥር አሳወቀ፤ ጂኦካሺንግ የሚባለው ፍለጋ ከዚያ ተነሣ። ተጫዋቾቹ የራሱ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ከሣጥን ወደ ሣጥን ይልካሉ፤ ያገኘው ሁሉ ቁጥሩን አስመዝግቦ ወደፊት ያሳልፋል። እንዲህ ያለ መለያ በ2021 ፐርሲቪራንስ በተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ደርሷል። ምድር ላይ ግን ባለቤት በተዋቸው ሣጥኖች ውስጥ ቀርተው የሚዝጉ አሉ። ቁጥሩ አልጠፋም፤ የጠፋው አይቶ የሚናገር ሰው ነው። እነዚያን ሣጥኖች እየከፈተ ብረቶቹን ወደ መንገዳቸው የሚመልስ ሰው ለባዲ ፈላጊ የሥራ ወንድሙ ነው።

ድንበርም ይህን ሥራ አላስቆመውም። በ1897 እ.ኤ.አ. ራስ መኰንን ከእንግሊዙ ሬኔል ሮድ ጋር የተዋዋሉት ስምምነት ወሰኑን ሲያበጅ የሁለቱም ወገን አርብቶ አደር ተሻግሮ እንዲያግጥ ፈቅዷል፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነትም የግጦሹን መብት ደግሞታል። ተሻግሮ የመጣው ግመል ገበያ ሲደርስ ደግሞ ደላላው አለ። የሚሸጠው ግመል የሌባ አለመሆኑን በስሙ ይመሰክራል፤ ተጠያቂም ይሆናል።

ሙያው ለጸሐፊው ከግመል በላይ የሆነው በሀርትሼክ የስደተኞች መጠለያ ምክንያት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ሐርጌሳ በጦርነት ስትወድም ድንበር የተሻገረው ሕዝብ እዚያ ሰፈረ፤ መጠለያው በዘመኑ ከዓለም ትልቁ እስከመባል ደርሶ በ2004 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ልጇ በመንገድ የጠፋባት አንዲት እናት እንዴት እንዳገኘችው ለጸሐፊው ነግራዋለች። እያንዳንዱ የውሃ መቅጃ ወረፋ ላይ እየቆመች የአባቱን ወገን፣ ከዚያ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ ከዚያ መጨረሻ ሲታይ ፊቱ ወዴት እንደነበር ትናገር ነበር። ማን እንዲህ መጠየቅ እንዳስተማራት ስትጠየቅ «አባቴ ባዲ ፈላጊ ነበር» አለች።

እንግዲህ በጅግጅጋና በቶጎጫሌ መካከል የምትመላለስ አንባቢ ሆይ፣ ብቻዋን የምትሄድ ግመል ካየህ አትንካት፣ አትንዳት። ሱማዷ የት እንዳለና ፊቷ ወዴት እንደሆነ ልብ በል፤ በሚቀጥለው ከተማ ሻይ ቤት ስትወርድም ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ንገራቸው።