ጥሩ የገና ሜዳ በምን ይታወቃል?

የገና ጨዋታ አዋቂ ታኅሣሥ 29 ከመድረሱ በፊት ሜዳውን በእግሩ ይዞረዋል። ዱላ ቢሰበር ሌላ ይቆረጣል፤ ሩር ብትጠፋ ሌላ ትጠረባለች። መጥፎ ሜዳ ግን ጎበዙንና ሰነፉን እኩል ያደርጋቸዋል። እኔም ሜዳን የምመዝነው በዚሁ ነው፤ በደንብ የተለጋች ሩር ከአጉል ምት ትለይበታለች ወይስ አትለይበትም?

በመንዝ ወይም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ መምረጥ አያስቸግርም፤ ከብትና በጉ ሣሩን ግጦ አሳጥሮታል። ከጣርማበር ወርደው 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ሸዋሮቢት ሲደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማሽላው ታጭዶ የአገዳው ቁራጭ ቆሟል፤ መስኖ የደረሰበት ማሳ ሽንኩርት ለብሷል፤ ዋልካው መሰነጣጠቅ ጀምሯል።

ከሁሉ በፊት የሚመረመረው መሬቱ ነው። ዋልካ ከላይ ሲያዩት ለጥ ያለ ስለሆነ ያታልላል። ጎንበስ ብለው እጅዎን ወደ ስንጥቁ ይስደዱ፤ እጅ ከገባ ሩርም ትገባለች፤ ከሩሯ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በሩጫ የሚመጣው ልጅ እግር ነው። ማሽላ የታጨደበት ማሳ ምንም ቢሰፋ አይመረጥ፤ በማጭድ አግድም የተቆረጠ አገዳ ባዶ እግር ይወጋል። በሮቢ ወንዝ ዳር ያለው አሸዋ ደግሞ ሩሯን ይይዛታል፤ ብርቱ ምት እንኳ ጥቂት ሄዶ ይቀራል። ከተራራው ግርጌ ያለው ጠጠር ያልበዛበት፣ ቀላ ያለ የግጦሽ መሬት ከሁሉም ይሻላል።

ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በታች ይሁን። ቅንጨ አረም የወረረውን ቦታ ከብት ስለማይግጠው ይረዝማል፤ ሩሯም ትሰወርበታለች። ግራር ዳር ላይ ቢኖር ለተመልካች ጥላ ነው፤ መሃል ከሆነ ግን እሾሁ ስለሚረግፍ ሜዳው አይሆንም።

ፍጹም ደልዳላ ሜዳ ምርጥ ነው የሚሉትን አልቀበላቸውም። በእንግሊዝ አገር ኬንት በተባለው አውራጃ፣ ሳንድዊች ከተማ አጠገብ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሮያል ሴንት ጆርጅስ የጎልፍ ሜዳ በባሕር ዳር የአሸዋ ጉብታዎች ላይ የተዘረጋ ነው። በ1894 ታላቁ የብሪታንያ የጎልፍ ውድድር ከስኮትላንድ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚያ ነበር። ጉብታው ኳሷን ወደ ጎን ስለሚያሸሻት ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት መሬቱን ማንበብ አለበት። ለገናም እንዲሁ ነው። ጥቂት ያዘነበለ ሜዳ እወዳለሁ፤ ዝንባሌው ግን ከግብ ወደ ግብ ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን ይሁን። ያኔ አንዱ ወገን ቁልቁል እየለጋ ሌላው ሽቅብ አይደክምም፤ ሁለቱም ሩሯ ስታፈነግጥ በዱላቸው ቆልመው ይመልሷታል። እጁ የሠለጠነ ሰው የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።

ግቦቹን በተመለከተ አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ ቢሆን ይመረጣል፤ ጨዋታው የሚደምቀው ወደ ማታ ስለሆነ ምዕራብ የሚያይ ቡድን ፀሐይ ዓይኑን ይወጋዋል። ወሰኑ ደግሞ ከሁሉም ቦታ የሚታይ ነገር ይሁን፤ ሾላ፣ የእግር መንገድ ወይም ደረቅ ጅረት። ወሰኑ ያልታወቀ ሜዳ ጠብ ያስነሣል።



ይህን ሁሉ የሚያሟላ ቦታ ሸዋሮቢት ባለችበት በይፋት ሲገኝ ብዙውን ጊዜ የወል ግጦሽ ነው። የወል መሬት ደግሞ በየዓመቱ ለማሽላ፣ ለማሾና ለቤት መሥሪያ እየተሸነሸነ ነው። የቀበሌ መሬት የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ክፍፍሉ ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ዙሩ፤ የገና ሜዳውንም በካርታ ለይታችሁ አስቀሩት።